ዘፈኑን ማን ያቁመው

ታኅሣሥ 6

ስሜነህ ከሞተ ትናንት ሳምንት ሞላው። ከትውልድ ከተማው ከፈረስ ቤት፣ ከቀብሩ የተመለስነው ሐሙስ ነው። የመንገዱ አቧራ እስካሁን ከጫማዬ አልወጣም፤ ልጠርገውም አልፈለግሁ። መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ፋይል ሳወጣና ስመልስ ዋልኩ። "መስኪ፣ እንዴት ነሽ? ጠናሽ?" ይሉኛል። ጠናሁ እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚያጽናናኝ እንደ ቤተሰብ አድርጎ ነው። ቤተሰቡ አይደለሁም። እሱ ባንዱን መሠረተ፣ እኔ ቤዝ ጊታር እመታለሁ፣ በቃ ይኸው ነው። ላህ ባንድ ሲባል ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ግማሹ ወዶን፣ ግማሹ "ያ የሚያጓራው ባንድ" እያለ። ስሜነህ ቀን ፊዚክስ ያስተምራል፣ ማታ እየዘፈነ ኤሌክትሪክ ጊታሩን እንደ በሬ ያስጓራል። የጎጃምን እስክስታ በሮክ ካልመታሁ ብሎ ዓመታት ተሟገተ። ሰዉም መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ለመደ፣ በመጨረሻ ለሠርጉ ይጠራን ጀመር። ከዚያ ጉበቱን አመመው ተባለ። ከዚያ ሞተ። እንዲህ በአጭሩ ሲጻፍ ውሸት ይመስላል።

ታኅሣሥ 11

ልምምድ ክፍላችን ተሰበሰብን። መሣሪያ የነካ የለም፤ አርባው ሳይወጣ ከበሮ አይመታም። ዑስማን እንኳ፣ ተዝካር የማይመለከተው ሙስሊሙ ድራመራችን፣ የድራም እንጨቶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ሰቅሏቸዋል። ማንም አላዘዘውም።

ሁለት ነገር ተነጋገርን። አንደኛው የቡሬው ሠርግ ነው፤ ጥር 17። ስሜነህ ሳይታመም በፊት የተቀበለው ሥራ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ናሁሰናይ፣ የቄስ ልጅ ነውና፣ "የሞተ ሰው ቃል አይታጠፍም" አለ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሁለተኛውን ዑስማን አንገቱን ደፍቶ ተናገረው። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል የሚሠራ ባንድ ድራመር ጎድሎታል፤ እሱን ጠይቀውታል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልስ ይፈልጋሉ።

"እስከዚያ እንያት" አለ፣ ባንዷን እንደ ታመመች ላም።

ድራመር ከሄደ ባንድ የለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ አልተናገርነውም።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ስንበተን "መስኪ፣ ለቡሬዎቹ ማን ይደውልላቸው? መስኪ፣ ቁልፉን ማን ይያዝ? መስኪ፣ ቀጣዩ መቼ ነው?" እኔ ምን አውቃለሁ? መሪ ማጣት ማለት እንዲህ ነው፣ ሁሉም ያገኘውን ይጠይቃል። ቁልፉን ያዝኩ። ለቡሬዎቹ ደወልኩ። የልምምዱንም ቀን ቆረጥኩላቸው። ቶሎ መሪ ካላገኘን አልቆልናል።

ታኅሣሥ 24

ድምፃዊት ተገኘች። ሄቨን ትባላለች፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ የስሜነህ የድሮ ተማሪ ናት፤ እስካሁን "ቲቸር" ነው የምትለው። ድምፅ አላት፤ አልክድም። ማስቲካ ግን ታኝካለች። "ቫይቡን ልያዘውና እንሞክረዋለን እቴ" አለችኝ። ቫይብ።

አንድ ነገር ተናግሬያታለሁ። መሐል ላይ የቆመው ማይክ የስሜነህ ነው፤ ጊታሩም ከጎኑ እንደ ቆመ ይቆማል። እሷ በዳር በኩል ትዘፍናለች። ዑስማን ጣራ ጣራውን አየ።

ጥር 2

ቸኩያለሁ። መንገድ ተዘግቷል ይላሉ፣ ለአርባው ፈረስ ቤት መድረስ አይቻልም። ኔትወርክ የለም። የስሜነህን እናት ማግኘት አልቻልኩም። የምን ሰው ነኝ እኔ።

ጥር 8

ትናንት አርባው ወጣ። እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስደረግን፤ ዑስማን አጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀን፣ ሲያየን እንደገና እንደ ቀብሩ ቀን አቀፈን። ዛሬ ደግሞ ጋዜጣውን ፈታ።

ጥሩ ጀመርን። እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነበር። ሄቨን ማስቲካዋን ተፍታ ዘፈነች። ሁለተኛውን ዙር አለፍን፣ ሦስተኛውን አለፍን፣ ግጥሙ አለቀ። ግጥሙ ሲያልቅ ነው የገባኝ።

ሠርግ ላይ ዘፈን ርዝመት የለውም። ጨፋሪው እስኪጠግብ ይሄዳል። መቼ እንደጠገበ የሚያውቀው ስሜነህ ነበር፤ ያን ሶሉ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጥቁር ጫማውን አንሥቶ በግራ ተረከዙ ወለሉን አንዴ ይረግጣል፣ ሁላችንም ቀጥ። ያ ነው ምልክቱ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ክፍል ገብቶ አልተማረውም። ዛሬ የሚረግጥ አልነበረም። ዑስማን እየመታ ያየኛል። ናሁሰናይ እየመታ ያየኛል። እኔ ባዶውን ማይክ አያለሁ። ሄቨን ምስኪን ግጥሙን ከአንድ ጀመረችው፣ ሲያልቅ ደግሞ ከራሷ ፈጥራ ስለ ላህ ወንዝ መዝፈን ጀመረች።

በመጨረሻ ዘበኛው አባ ክንዱ በሩን ከፍተው "ልጆች፣ ደኅና ናችሁ?" ሲሉ ቆምን።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም።

ጥር 12

ዛሬ ልምምድ ስመጣ በሩ ገርበብ ብሏል። ዑስማንና ናሁሰናይ ውስጥ ናቸው። ስማቸውን ልጠራ ስል ዑስማን፣ "እሱማ እሷን ሳያይ መች አንድ ነገር ያደርግ ነበር? ዓይኑ ሁልጊዜ እሷ ላይ ነው" ሲል ሰማሁ። ናሁሰናይ ደግሞ፣ ያ ድቁና የተማረው፣ "ሁላችንም እናውቅ የለ" አለ።

ተመለስኩ። ራሴን አሞኛል ብዬ ላክሁባቸው።

ሰው ሞቶም ሐሜት አይለቀውም ማለት ነው። እኔና ስሜነህ ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ እጄን የነካው ገመድ ሲቀይርልኝ ብቻ ነው። ሌላ ነገር ካለ እኔ አውቀው ነበር። አውቀው ነበር። እሱ ያላገባው ስላላገባ ነው፤ እኔም እንደዚሁ። ዑስማን ይህን የመሰለ አፍ አለው ብዬ አላስብም ነበር።

ሰላም ብቻ እለዋለሁ። ከዚያ በላይ የለም።

ጥር 18

ከቡሬ ዛሬ ጠዋት ተመለስን። ሁሉንም ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ዳሱ ትልቅ ነው፣ ሰዉ ጢም ብሏል። ማይኩን መሐል ላይ አቆምኩ፣ ጊታሩን ከጎኑ አስደገፍኩ። የሙሽራው አጎት "ይኼ የማን ነው?" ሲሉኝ "የመሪያችን ነው" አልኳቸው። "ይመጣል?" አሉኝ። ጊታሩን ቀና አደረግሁት። እሳቸውም ይመጣል ማለቴ መስሏቸው ለሰዉ አወሩ መሰለኝ፣ ሦስት አራቱ ዓይናቸውን መግቢያው ላይ ጥለው ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ናሁሰናይ በዘዴ አሳለፋቸው፤ ኪቦርዱን ድምፁን ዝቅ እያደረገ ያከስመዋል፣ እኛም እንከተለዋለን። ሰዉ ግን አልወደደውም፣ ትከሻው ሳይሞቅ እየጠፋበት። ዋናው እስክስታ ሲመጣ ማክሰም የሚባል ነገር አልነበረም። ሰዉ ተነሣ። ዳሱ ተንቀጠቀጠ። እኔም ለአፍታ ሁሉንም ረስቼ ነበር።

ከዚያ ጠገቡ። አየሁት፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ፣ አንዱ ሚዜ ወንበር ፈለገ። አሁን ነው አልኩ በሆዴ። አሁን ነው፣ ስሜነህ። ማይኩን አየሁ። ዑስማን ዓይኑን አፍጥጦ እኔን ያያል፤ ስላኮረፍኩት እልህ የያዘው መሰለኝ። አለፈ። ጊዜው አለፈ፣ ዘፈኑም ቀጠለ። ሚዜዎቹ ለይሉኝታ እንደገና ተነሡ። ሙሽራዋ ላብ በላብ ሆነች። አንድ ሽማግሌ ነገሩ የተለየ ሥርዓት መስሏቸው ወደ ባዶው ማይክ መጡና እኛ እየመታን መመረቅ ጀመሩ። "አብርሃምና ሣራን የባረከ" ይላሉ፣ ሰዉ እየጨፈረ "አሜን" ይላል፣ ዑስማን ይመታል። ምርቃቱ አልቆ ሄደው ተቀመጡ፤ እኛ እንዳለን አለን።

ያቆመን ጄኔሬተሩ ነው። ነዳጁን ጨርሶ ጠፋ።

ሰዉ አጨበጨበ። "እንዲህ ያለ ባንድ አይተን አናውቅም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሚኒባስ ውስጥ፣ ማንኩሳን ካለፍን በኋላ ዑስማን፣ "ስንት ጄኔሬተር ይዘን እንዞራለን?" አለ። ለማንም ያለው አይመስልም። ለእኔ ነበር።

ጥር 20

ናሁሰናይ "እንቁጠር" አለ። ዙሩን ቆጥረን ቆምን። ልክ ሰው በመሐል አፉ የተዘጋበት ይመስላል። ሄቨን ስልኳ ላይ ደወል ሞላች። የዶሮ ድምፅ ነው። አይሆንም።

ዑስማን ለባሕር ዳሮቹ መልስ ሊሰጥ ነው መሰለኝ። ጾሙ እየደረሰ ነው።

ጥር 23

ኔትወርክ መጣ። ሳምሪ ደወለች፣ የስሜነህ ታናሽ እኅት። ሠርጓ ዓምና የተቆረጠ ነው፣ የካቲት 1። ሐዘኑ ሲመጣ ሊያስተላልፉት ነበር፤ የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ልከው እናቷን እትዬ ደጊቱን ለመኑ። እትዬ ደጊቱም እሽ አሉ፤ ግን በአንድ ነገር።

"'ጥቁሬን የማወልቀው የልጄ ባንድ ከመታ ነው፤ ያለዚያ ሠርጉም በዝምታ ይለፍ' ብላለች" አለችኝ ሳምሪ። ሰፈሩ እያማ ነው። ዓመቱ ሳይሞላ በሞተው ልጅ ጊታር ልትጨፍር ነው ይሏቸዋል።

"እንመጣለን" አልኩ። ወዲያው። ማንንም ሳልጠይቅ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የደነገጥሁት። ማን ሾመኝ? አንድ ዘፈን መጨረስ ያቃተው ባንድ ይዤ ሐዘንተኛ እናት ፊት ልቆም? ማታ ለሦስቱም ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ስንት ሰዓት እንነሣ?" ብቻ አሉኝ። ዑስማንም ጭምር። ለባሕር ዳር የሚሰጠውን መልስ ከሠርጉ ማግሥት አደርገዋለሁ አለ።

ጥር 28

ሄቨን ቤቴ መጣች። ዘፈኖቹን የምታጠናው ከድሮ የሠርግ ቪዲዮዎች ነው፤ ከየሰዉ ስልክ ሰብስባ። ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ ቆየችና፣

"እቴ መስኪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ሼም ነው ግን" አለች።

"ጠይቂ።"

"ቲቸር ከመርገጡ በፊት ለምንድነው ሁሌ አንቺን የሚያየው?"

ደሜ ፈላ። ወሬው እሷ ጋ ደርሷል አልኩ። ልጅቷ ግን ስልኳን ዘርግታ አሳየችኝ። ዓምና፣ ጅጋ የሠራነው ሠርግ ነው። እኔ ከገመዱ ላይ ቀና እላለሁ፣ ጨፋሪዎቹን አያለሁ፣ ከዚያ ቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ይላል። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ትከሻዬ ዝቅ ሲል ይረግጣል። ሌላ ቪዲዮ ከፈተች፤ ደምበጫ። እንደዚያው። ሌላ ከፈተች።

"አንቺ ነሽ እኮ የምትነግሪው" አለች ሄቨን። "አታውቂም ነበር?"

አጋጣሚ ነው አልኳት። ቪዲዮዎቹን ላኪልኝ አልኳት፣ ለልምምድ።

መብራት የለም። ስልኩ እስኪዘጋ አየኋቸው። አንዱ ላይ ከረገጠ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል፤ እኔ ገመዴን እያስተካከልኩ ነው፣ አላየሁትም። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ምን ነበረበት ቢነግረኝ። እንዴት ያለ ሰው ነው። ተናድጄበታለሁ። ናፍቆኛል። ይኼው ጻፍኩት፤ ናፍቆኛል።

ዑስማን ያን ቀን ያለው ይህንን ነበር። እኔ ደግሞ ይኼን ሁሉ ጊዜ አኮረፍኩት። ምን ብዬ ልታረቀው? አውቄዋለሁ ብል "መሪው አንች ነሽ" ሊሉኝ ነው። አይደለሁም። ትከሻ ዝቅ ማለትና መምራት የተለያየ ነገር ነው። እሱ እያለ ነው ትከሻዬም የሠራው።

ጥር 30

ፈረስ ቤት ገባን። መንገዱ ላይ ፈታሾች ሁለት ቦታ አቁመው ድራሙን አስከፈቱን። ብርዱ አጥንት ይገባል።

እትዬ ደጊቱ በጥቁራቸው ደጅ ላይ ተቀበሉን። ሁላችንንም በየተራ ጉንጫችንን ሳሙን፤ እኔ ላይ ሲደርሱ እጄን ይዘው ቆዩ።

"አንች ነሽ መስከረም?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ነገ ከበሮው ሲመታ እነሣለሁ። ቃሌ ነው። ጉልበቴ ግን የድሮው አይደለም፣ ልቤም እንደዚሁ። ከተነሣሁ በኋላ መቼ እንደምቀመጥ እኔ አላውቀውም ልጄ፤ ሰዉም እያጨበጨበ አያስቀምጠኝም። አንች እወቂልኝ።"

"እሽ" አልኩ። ምን ብዬ ነው እሽ ያልኩት? የሳምሪ ሙሽራ አጎት አዲስ ጄኔሬተር ይዘው መጥተዋል። "ይኼ ሦስት ቀን ቢነዳ አይጠፋም፣ አታስቡ" አሉን። ዑስማን ሳቁ አፈነው። እኔንም።

የካቲት 2

ትናንት የሆነውን።

ማይኩን መሐል ላይ አቆምኩ፣ ጊታሩን አስደገፍኩ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሄቨን በዳር።

እትዬ ደጊቱ ከጓዳ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ሲያሙ የሰነበቱት ሴቶች ሳይቀሩ ተነሥተው ቆሙ። ዑስማን ጀመረ፣ እኔ ገባሁ፣ ናሁሰናይ ገባ። የጊታሩ ቦታ ባዶ ነው፤ ያ ጉርምርምታ የለም፣ ግን ዘፈኑ ያለሱም ይሄዳል። እትዬ ደጊቱ መሐል ገቡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ትከሻቸውን ነቀነቁት። ስሜነህ እስክስታውን ከየት እንዳመጣው ያን ጊዜ አየሁ። እንባቸው ይወርዳል፣ ትከሻቸው አያቆምም። ሰዉ እልልታውን አቀለጠው። ሳምሪ ከሙሽራ ወንበሯ ተነሥታ አብራቸው ገባች።

ቀና አልኩ። አየኋቸው። ግራ ጉልበታቸው አንዴ ከዳቸው፤ ሳቅ አስመስለው አለፉት። ሰዉ ያጨበጭባል። ሁለተኛ ከዳቸው። ከንፈራቸው ነጣ። አላቆሙም። ቃላቸው ነው፣ አያቆሙም።

አሁን ነው። አውቄዋለሁ፤ ቡሬም አውቄው ነበር፣ ልምምድ ላይም አውቄው ነበር። ሁልጊዜ አውቀው ነበር። ማይኩን አየሁ። እኔ ካቆምኩት፣ ከእንግዲህ የሚያቆመው እሱ አይደለም ማለት ነው። እስካላቆምኩ ድረስ ሊረግጥ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝነት ነው፣ ግን እንደዚያ ነበር። እትዬ ደጊቱ ወደ እኔ ዞሩ። አልጠሩኝም፤ ዓይናቸው ብቻ።

እግሬን አንሥቼ በግራ ተረከዜ ወለሉን ረገጥሁ።

ድምፅ አልነበረውም። የሸራ ጫማ ነው ያደረግሁት፤ ሶሉ ላስቲክ፣ ወለሉ ሣር የተጎዘጎዘበት አፈር። አንድም ሰው ሊሰማው አይችልም።

ሁሉም ቆሙ። ዑስማን፣ ናሁሰናይ፣ ሄቨን፣ በአንድ ላይ፣ ቀጥ። ዳሱ ውስጥ የአዲሱ ጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ቀረ። እትዬ ደጊቱ እጃቸውን ከወገባቸው አወረዱ። "ይበቃል፤ እንግዲህ ይረፍ ልጄ" አሉና ተቀመጡ። ሳምሪ ውኃ አመጣችላቸው። እልልታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጣዩን ዘፈን ከመጀመራችን በፊት ጊታሩን ወስጄ እትዬ ደጊቱ ጎን አስደገፍኩት። ሄቨንን "ነይ፣ መሐል ግቢ" አልኳት። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ማስቲካም አላኘከች።

ዛሬ ስንመለስ ዑስማን ከጎኔ ተቀመጠ። "ለባሕር ዳሮቹ ደወልኩላቸው" አለኝ። ምን እንዳላቸው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አንገቴን ደፍቼ "ያኔ ስላኮረፍኩህ..." ስል፣ "ተይው አንች" አለኝ። ከዚያ፣

"መስኪ፣ የሐሙሱ ልምምድ ስንት ሰዓት ነው?" አለ።

"ዐሥራ አንድ ሰዓት" አልኩት። "አትዘግይ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"